ሥራዎ ሳይጨርስዎ፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ ለአንድ ደንበኛ ፕሮፎርማ ላክኩ። ከመላኬ በፊት ሦስት ጊዜ አንብቤዋለሁ፤ ሦስቴም ልክ ነበር። ጠዋት ስነሳ “ተስማምተናል፣ ዛሬውኑ ጀምሩልን” የሚል መልስ ጠበቀኝ። ዋጋ ሳይከራከር የሚስማማ ደንበኛ ገጥሞኝ ስለማያውቅ ደነገጥኩና ፋይሉን ከፈትኩት። ጠቅላላ ድምሩ ላይ አንድ ዜሮ የለችም።

እስካሁን የሚገርመኝ ስህተቱ አይደለም። ያን ሌሊት ምንም ድካም አልተሰማኝም ነበር። እንዲያውም “ዛሬ ሥራው እንዴት ሄደልኝ!” እያልኩ ነበር። ድካም ተንኮለኛ ነው፤ መድከማችንን የሚነግረንን ጭንቅላት ቀድሞ ያደክመዋል። የራሱን ሥራ የሚሠራ ሰው ደግሞ “በቃ፣ ሂድና ተኛ” የሚለው አለቃ የለውም። ከዚህ በታች ካሉት ስህተቶች አብዛኞቹን ራሴ ሠርቻቸዋለሁ።

“ሲደክመኝ አርፋለሁ” ማለት

ከሁሉም የሚከፋው ይሄ ነው። በርንአውት (ከሥራ የሚመጣ ዝለት) የሚለውን ቃል እ.ኤ.አ. በ1974 ባወጣው ጽሑፍ ያስተዋወቀው የሥነ ልቦና ባለሙያው ኸርበርት ፍሮይደንበርገር ነው። ቀን የራሱን ሥራ፣ ማታ ደግሞ በበጎ ፈቃድ በነፃ ክሊኒክ ይሠራ ስለነበር ነገሩን በራሱ ላይ ነው ያየው። በቀላሉ የሚዝሉት ሰነፎች ሳይሆኑ ሥራቸውን ከልብ የያዙ ሰዎች ናቸው ብሎ ጻፈ። የራስን ድርጅት ለሚመራ ሰው ይህ ደስ የሚል ዜና አይደለም።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 በርንአውትን በሽታ ሳይሆን ከሥራ ጋር የተያያዘ ክስተት ብሎ መዘገበው። ሦስት ምልክቶችም አሉት፦ አቅም ማለቅ፣ ከሥራው በልብ መራቅ ወይም መጥላት፣ እና የውጤት መቀነስ። ብዙ ሰው የመጀመሪያውን ብቻ ይጠብቃል። እኔ ላይ ቀድሞ የታየው ግን ሁለተኛው ነው። ስልኬ ላይ የደንበኛ ስም ሲመጣ “ደግሞ አሁን ምን ሊለኝ ነው?” ማለት ጀመርኩ። ያው ደንበኛ ከዓመት በፊት ሲደውል ከወንበሬ ብድግ ብዬ ነበር የማነሳለት።

ስለዚህ የዕረፍትዎን ሰዓት ስሜትዎ አይወስንልዎ። ሳምንቱ ሳይጀመር፣ ጭንቅላትዎ ትኩስ እያለ፣ የሚያርፉበትን ቀንና ሥራ የሚያቆሙበትን ሰዓት ይጻፉ። ሰዓቱ ሲደርስ “አልደከመኝም እኮ” የሚል ሐሳብ ይመጣል። አይስሙት።

ሰዓት ከተጨመረ ሥራም ይጨምራል ብሎ ማሰብ

የኢኮኖሚ ባለሙያው ጆን ፔንካቬል በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በብሪታንያ የጦር መሣሪያ ፋብሪካዎች ይሠሩ የነበሩ ሰዎችን መረጃ አገላብጦ ነበር። በሳምንት 70 ሰዓት የሠሩት 56 ሰዓት ከሠሩት ብዙም የተለየ አላመረቱም። 14ቱን ሰዓት ውሃ በላው። እዚያ ግን ምርቱ ይቆጠራል፤ የእኛ ኪሳራ ወዲያው አይታይም። ዜሮዋ የጎደለችው ሌሊት ነው፤ የታየችው ጠዋት።

ያን ቀን የነቃሁት ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ ነበር። ይቁጠሩት፤ 19 ሰዓት ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣ አንድ ጥናት፣ ከ17 እስከ 19 ሰዓት ሳይተኙ የቆዩ ሰዎች በአንዳንድ ፈተናዎች ደማቸው ውስጥ 0.05 በመቶ አልኮል ካለባቸው ጊዜ እኩል ወይም የባሰ ውጤት እንዳመጡ አሳይቷል። በብዙ አገሮች በዚህ መጠን መኪና መንዳት ያስቀጣል። ፕሮፎርማ መላክ ግን አያስቀጣም።

ነገሩ በገንዘብ ብቻ አያበቃም። የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም ሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጡት ጥናት፣ በሳምንት 55 ሰዓትና ከዚያ በላይ መሥራት ከ35 እስከ 40 ሰዓት ከመሥራት ጋር ሲነጻጸር በ35 በመቶ ከፍ ካለ በስትሮክ የመያዝ አደጋ ጋር ተያይዟል።

ቀኑን ጢም አድርጎ መሙላት

“ባዶ ሰዓት ካለኝ ገንዘብ እያጣሁ ነው” የሚል አስተሳሰብ ነበረኝ። የወረፋ ሒሳብ ግን ሌላ ይላል። አንድ ሰው ብቻውን ያስተናግዳል እንበል። ሥራዎቹ ባልታወቀ ሰዓት ይመጣሉ። አንዱ አጭር፣ አንዱ ረጅም ነው፤ በአማካይ ግን እያንዳንዱ 1 ሰዓት ይወስዳል። ከሰውየው ጊዜ 80 በመቶው የተያዘ ከሆነ፣ አዲስ የመጣ ሥራ ተራው እስኪደርስ በአማካይ 4 ሰዓት ይጠብቃል። 90 በመቶው ከተያዘ 9 ሰዓት። 95 በመቶው ከተያዘ 19 ሰዓት። ከ90 ወደ 95 ለመሄድ የተጨመረችው 5 በመቶ ብቻ ናት፤ ወረፋው ግን ከእጥፍ በላይ ሆነ።

ቀኑን ሙሉ ቢዚ ሆኖ ውሎ ማታ “ምንም አልሠራሁም” የሚለው ስሜት አንዱ ምንጩ ይሄ ነው። ጥፋቱ የስንፍና ሳይሆን የመተንፈሻ ቦታ ማጣት ነው። እኔ አሁን ከቀኑ አምስት አንድ እጁን ምንም ሳላስይዝ እተወዋለሁ። እንደዚያም ሆኖ ባዶ ውሎ አያውቅም።

በዚህ ላይ ደግሞ ግምታችን አለ። እ.ኤ.አ. በ1994 በታተመ አንድ ጥናት ተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፋቸውን በስንት ቀን እንደሚጨርሱ ሲጠየቁ በአማካይ 34 ቀን ገደማ አሉ። የፈጀባቸው ከ55 ቀን በላይ ነው። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ለመቀበል ግን ይከብዳል። “ይሄ ስንት ቀን ይፈጃል?” ብለው ራስዎን አይጠይቁ። ከዚህ በፊት የሠሯቸው ሦስት ተመሳሳይ ሥራዎች ስንት ቀን እንደፈጁ ይዩ። “የአሁኑ ግን ይለያል” ካሉ፣ ያኔም እንደዚያ ብለው እንደነበር ያስታውሱ።

ሁሉም ነገር በእርስዎ በኩል እንዲያልፍ ማድረግ

“ራሴ ብሠራው ይፈጥናል።” እውነት ነው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ። ለሠላሳኛ ጊዜ ግን አይፈጥንም።

ሥራውን ለሰው ሰጥቶ ውሳኔውን ለራስ ማስቀረት ደግሞ ከዚህ ይብሳል። ረዳት ቀጥሬ ሥራ ይቀልልኛል ስል ጥያቄ በዛብኝ። አንድ ሳምንት የምጠየቀውን ሁሉ ማስታወሻ ላይ ጻፍኩ። “ይሄን ልክፈለው?” “ቀኑን ልቀይርላቸው?” “የትኛውን ቀለም ልበል?” አብዛኛው መልሱ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው። ከዚያ ለረዳቴ እንዲህ አልኳት፦ “እስከዚህ መጠን ድረስ ያለውን ክፍያ አትጠይቂኝ። ቀን መቀየር ያንቺ ነው። ብትሳሳቺ አብረን እናስተካክላለን።” ሁለት ጊዜ ተሳስታለች። ሁለቱም ከእኔ ዜሮ በጣም ይረክሳሉ።

ስልክ ላይ “እሺ” ማለት

ደንበኛው እየጠበቀ፣ ሥራው እያጓጓ፣ “እሺ” ከአፍ ያመልጣል። “ያሉብኝን ሥራዎች አይቼ ልደውልልዎ” ማለትን ይልመዱ። በዚህ የተቀየመ ደንበኛ አላየሁም።

ደንበኛን የሌሊት መልስ ማስለመድ

ቴሌግራም ላይ ከምሽቱ 5 ሰዓት ለመጣ መልእክት በሁለት ደቂቃ ውስጥ ከመለሱ፣ የሥራ ሰዓትዎን እየነገሩት ነው። በማግስቱ በዚያው ሰዓት ቢጽፍልዎ አይፍረዱበት።

የሁሉም መድኃኒት ዕረፍት ነው ብሎ ማመን

አሥር ቀን አርፌ፣ ፈታ ብዬ ተመለስኩ። በሦስተኛው ቀን ያው ነኝ። ክርስቲና ማስላክና ማይክል ላይተር በርንአውትን ሲያጠኑ የሥራ ብዛትን ከስድስት ምንጮች አንዱ ብቻ አድርገው ነው ያስቀመጡት። የተቀሩት በሥራው ላይ የመወሰን ነፃነት፣ የልፋት ዋጋ፣ ከሰዎች ጋር ያለ ግንኙነት፣ ፍትሕና እሴት ናቸው። ዕረፍት የመጀመሪያውን ያስታግስ ይሆናል። ሌሎቹ ግን ከዕረፍት ሲመለሱ በር ላይ ይጠብቃሉ።

የእኔ ችግር ግማሹ አንድ ደንበኛ ነበር። ክፍያ ያዘገያል፣ ሥራ ካለቀ በኋላ ሐሳቡን ይቀይራል፣ አንድም ቀን አያመሰግንም። ሥራው ከሳምንቴ ትንሹን ነበር የሚወስደው፤ ንዴቱ ግን ሰባቱንም ቀን አብሮኝ ይውላል። የጀመርነውን አስረክቤ ተሰናበትኩት። ገቢዬ ቀነሰ፤ እንቅልፌ ግን ተመለሰ።

እንቅልፍ ማጣቱና ተስፋ መቁረጡ ከሥራ ውጭም አልለቅ ካለዎት ግን ሐኪም ያማክሩ። የድብርት ሕመም ከዝለት ጋር ስለሚመሳሰል በራስ ግምት መለየት ያስቸግራል።

የዜሮዋን ነገር ልጨርስላችሁ። ደንበኛው ጋ ደውዬ ነገርኩት። ሳቀ። ትክክለኛውን ዋጋ ስነግረው ግን መሳቁን አቆመ፤ ሥራውም በዚያው ቀረ። አሁን ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ የምጽፈው ፕሮፎርማ ሁሉ ሳይላክ ያድራል። ባለፈው ሳምንት ያሳደርኩትን አንዱን ጠዋት ስከፍተው ዜሮዎቹ በሙሉ ነበሩ። የተጻፈው ግን በሌላ ደንበኛ ስም ነው።