ዋናው አጥቂ ሲሸጥ፦ የፊዮረንቲና 2022-23 ችግርና መፍትሄ

ዋና አጥቂው የተሸጠበት ቡድን ደጋፊ የመጀመሪያ ቃሉ ሁሌም አንድ ነው፤ «ጎል የሚያገባ የለንም!» እኔም የጣሊያኑን ክለብ ፊዮረንቲናን ለዓመታት ስከታተል ይህን ስንቴ እንደሰማሁ። አባባሉ ስሜቱን ይገልጻል። ችግሩ የት እንዳለ ግን አያሳይም። እዚህ ጋ ስንሳሳት መፍትሄውንም እንስታለን። ሌላ አጥቂ ይገዛል፣ እሱም አይሆንም፣ ደግሞ ሌላ ይፈለጋል።

ጉዳዩን እናስታውስ። ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ዋና አጥቂው ዱሻን ቭላሆቪች በጃንዋሪ 2022 ከፊዮረንቲና ወደ ዩቬንቱስ ሄደ። ዋጋው 70 ሚሊዮን ዩሮ ሲሆን እስከ 10 ሚሊዮን የሚደርስ ጉርሻም ነበረው። እስከዚያ ቀን ድረስ በዚያው የውድድር ዘመን በ21 የሴሪ ኤ (የጣሊያን ከፍተኛው ሊግ) ጨዋታ 17 ጎል አግብቶ ነበር። ከዚያ በኋላ የመጣው 2022-23 ክለቡ ያለ እሱ የጀመረው የመጀመሪያ ሙሉ ዓመት ነው። ውጤቱ ቅልቅል ነበር። በሴሪ ኤ 8ኛ ወጣ። በኮፓ ኢጣሊያም (የጣሊያን ዋንጫ) በኮንፈረንስ ሊግም (ሦስተኛው የአውሮፓ ክለቦች ውድድር) ፍጻሜ ደረሰ። ሁለቱንም 2 ለ 1 ተሸነፈ።

ወደ ምልክቶቹ ከመሄዳችን በፊት አንድ ነገር እናድርግ። ሁለቱን ዓመት ጎን ለጎን እናስቀምጥ።

በ2021-22 ፊዮረንቲና 62 ነጥብ ነበረው፤ 19 አሸንፎ፣ 5 አቻ ወጥቶ፣ 14 ተሸንፏል። 59 አግብቶ 51 ገብቶበታል። በ2022-23 ደግሞ 56 ነጥብ፤ 15 ድል፣ 11 አቻ፣ 12 ሽንፈት። 53 አግብቶ 43 ገብቶበታል።

ቭላሆቪች የመጀመሪያውን ዓመት ግማሹን ብቻ እንደተጫወተ አትርሱ። ቢሆንም ቁጥሩ ብዙ ይናገራል። ጎሉ የቀነሰው በ6 ብቻ ነው። የገባበት ደግሞ በ8 ቀንሷል። ሽንፈቱም ቀንሷል። የጨመረው አቻው ነው፤ ከ5 ወደ 11። የጎደለው እንግዲህ የጎል ብዛት ሳይሆን ጨዋታውን የሚጨርሰው ያ አንድ ጎል ነው።

ምልክት፦ ኳሱ የእኛ ነው፣ ሜዳው የእኛ ነው፣ ውጤቱ ግን አቻ

ይህ ዋናው ስለሆነ ረዘም አድርጌ እሄድበታለሁ። የዓመቱን መጀመሪያ ተመልከቱ። በመክፈቻው ክሬሞኔዜን 3 ለ 2 ያሸነፈው በባከነ ሰዓት በተገኘ ጎል ነው። ቀጥሎ ከኤምፖሊ 0 ለ 0፣ ከናፖሊ 0 ለ 0፣ በኡዲኔዜ 1 ለ 0 ሽንፈት። ከዚያ ዩቬንቱስ ወደ ክለቡ ከተማ ፍሎረንስ መጣ፤ 1 ለ 1። በዚያ ጨዋታ ሉካ ዮቪች ከእረፍት በፊት ፍጹም ቅጣት ምት አመከነ። ቭላሆቪች እያለ ፍጹም ቅጣት ምቱ የእሱ ነበር። አጥቂ ስትሸጥ ፍጹም ቅጣት ምት መቺህንም አብረህ እንደምትሸጥ ብዙ ክለብ ይረሳል።

መንስኤው ምንድን ነው? ቭላሆቪች ከጎሉ ውጪ ሁለት ሥራ ይሠራ ነበር። ጀርባውን ለጎሉ ሰጥቶ ኳስ ይዞ ያቆያል። በዚያ ጊዜ የመሀል ተከላካዮቹ ሁለቱም ወደ እሱ ይሳባሉ። ለመስመር ተጫዋቾቹና ለአማካዮቹ ቦታው የሚከፈተው ያኔ ነው። እሱ ሲሄድ የአሰልጣኝ ቪንቼንዞ ኢታሊያኖ ቡድን ኳስ መያዙን አልተወም። አጨዋወቱ ያው ነው፤ ኳስ ይዞ ወደፊት መግፋት፣ በመስመር መክፈት፣ ማሻገር። ተከላካዮቹ ግን ከቦታቸው የሚስባቸው ሰው የለም። የተሻገረውን ኳስ ፊት ለፊት እያዩ ያወጡታል።

በጃንዋሪና በፌብሩዋሪ 2023 ነገሩ ይበልጥ ታየ። በሜዳው በቶሪኖ 1 ለ 0፣ በቦሎኛ 2 ለ 1 ተሸነፈ። ከላዚዮና ከኤምፖሊ ጋር 1 ለ 1 ወጣ።

የተሳሳተው መፍትሄ ማሻገሩን ማብዛት ነው። ብዙ ቡድን የሚያደርገው ይሄንኑ ነው። ጎል ሲጠፋ የመስመር ኳሱ ይበዛል፣ ሳጥኑ ይጨናነቃል፣ ተከላካዩም ሥራው ይቀለዋል።

የሠራው መፍትሄ ሌላ ነው። ኢታሊያኖ ከ4-3-3 ወደ 4-2-3-1 ቀየረ። አንድ አማካይ ከአጥቂው ጀርባ ተጠግቶ እንዲጫወት አደረገ። አንዳንዴ ጃኮሞ ቦናቬንቱራ፣ አንዳንዴ አንቶኒን ባራክ። በዚህም ተከላካዩ አዲስ ጥያቄ መጣበት፤ አጥቂውን ልያዝ ወይስ ከኋላ የሚመጣውን? ኒኮ ጎንዛሌዝም ከመስመር ወደ ውስጥ እየገባ ማግባት ጀመረ። ከዚያ በሁሉም ውድድር ተከታታይ 9 ድል መጣ። ሚላንን በፍሎረንስ 2 ለ 1፣ ኢንተርን በሜዳው በሳን ሲሮ 1 ለ 0። የሳን ሲሮውን ጎል ያገባው ቦናቬንቱራ ነው፤ ከኋላ ደርሶ በግንባሩ። ለእኔ የዓመቱ ትልቅ ትምህርት ያቺ ጎል ናት። አዲስ አጥቂ ሳይገዛ ጨዋታ የሚጨርስ ሰው ተገኘ።

የእናንተ ቡድን በዚህ ችግር ላይ ከሆነ አቻ የወጣባቸውን ጨዋታዎች ለይታችሁ እንደገና እዩ። ኳስ ወደ ሳጥን ስትገባ ከአጥቂው ሌላ ስንት ሰው ይደርሳል? አንድ ብቻ ከሆነ ችግሩ አጥቂው ላይ አይደለም።

ምልክት፦ ሁለት አጥቂ አለ፣ ቋሚ ግን የለም

ከቭላሆቪች ሽያጭ ጋር ተያይዞ ክዝሽቶፍ ፒያቴክ በውሰት ከሄርታ በርሊን፣ አርተር ካብራል ከባዜል መጡ። በበጋው ፒያቴክ ሄዶ ዮቪች ከሪያል ማድሪድ ገባ። በ2022-23 ካብራል በሴሪ ኤ 8፣ ዮቪች 6 አገቡ። ሁለቱ ተደምረው 14 ማለት ነው። ከሌሎቹ የመጣው ጎል የባሰ ይበዛል፤ ይሄ ጥሩ ዜና ነው። የሁለቱ ድምር ግን ቭላሆቪች በግማሽ ዓመት ካገባው ያንሳል።

መንስኤው የችሎታ ማነስ ብቻ አይመስለኝም። ሁለቱ ሰዎች የሚፈልጉት ኳስ ይለያያል። ካብራል ጉልበተኛ ነው፣ ሳጥን ውስጥ ሆኖ ኳሱ እንዲመጣለት ይፈልጋል። ዮቪች ወደ ኋላ ወርዶ መቀባበል ይወዳል። ቡድኑ ግን ማንም ይሰለፍ ማን ያንኑ ኳስ ነው የሚልክላቸው። እነሱ ይፈራረቃሉ፣ አጨዋወቱ አይፈራረቅም። በ60 ጨዋታ ዓመት ማፈራረቅ ግዴታ ነው፣ በዚህ ኢታሊያኖን አልወቅስም። መፍትሄው ግን ከአጥቂው ጋር የኳሱ መንገድም እንዲለወጥ ማድረግ ነው። ለካብራል ከመስመር ቶሎ የሚሻገር ኳስ፣ ለዮቪች ደግሞ እግር ላይ የሚደርስ አጭር ኳስና ከጎኑ የሚሮጥ ሰው።

ምልክት፦ ሐሙስ አንበሳ፣ እሁድ ደካማ

ሐሙስ ሐሙስ በሚደረገው ኮንፈረንስ ሊግ ብራጋን በፖርቱጋል 4 ለ 0፣ ሌህ ፖዝናንን በፖላንድ 4 ለ 1 ደቆሰ። ካብራል ከምድቡ ጀምሮ 7 ጎል አግብቶ ከባዜሉ ዜኪ አምዱኒ ጋር የውድድሩን የጎል አግቢነት ተጋራ። በሊጉ ያልሆነለት ሰው ማለት ነው!

መንስኤው ቀላል ነው። በአውሮፓ ያሉት ተጋጣሚዎች ወጥተው ይጫወታሉ፣ ከጀርባቸው ሜዳ አለ። ኤምፖሊ ግን አይወጣም። ስለዚህ የሐሙሱን ድል አይታችሁ «አጥቂው ተስተካከለ» አትበሉ። መድኃኒቱ የሚለካው ወደ ኋላ ሰብሰብ ብሎ በሚከላከል ቡድን ላይ ነው።

ምልክት፦ ፍጻሜ ይደረሳል፣ ዋንጫው አይመጣም

ይሄ በጣም ያመኛል። በኮፓ ኢጣሊያ ፍጻሜ ከኢንተር ጋር ጎንዛሌዝ ገና በ3ኛው ደቂቃ አገባ። የኢንተሩ ላውታሮ ማርቲኔዝ ከእረፍት በፊት ሁለት አግብቶ ገለበጠው። ተቀይሮ የገባው ዮቪች ጥሩ ዕድል አግኝቶ አላስቆጠረም። ሁለት ሳምንት ቆይቶ በፕራግ ከዌስትሃም ጋር 1 ለ 1 ሆኖ 90ኛው ደቂቃ ደረሰ። ሉካስ ፓኬታ ኳሷን ከተከላካዩ ጀርባ ላካት፣ ጃሮድ ቦወን ብቻውን ሮጦ አገባት።

ብዙ ሰው ይህንንም «ቭላሆቪች ቢኖር ኖሮ» ሲል ሰምቻለሁ። የኮፓ ኢጣሊያው ፍጻሜ ቢሆን ልስማማ እችላለሁ። ያመከኑት ዕድል ዋጋ አስከፍሏል። የፕራጉ ግን ከአጥቂ ጋር አይገናኝም። ኢታሊያኖ ተከላካዮቹን ወደ መሀል ሜዳ አስጠግቶ ነው የሚያጫውተው። ዓመቱን ሙሉ ይህ ጠቅሞታል፤ የገባበት ጎል መቀነሱን አይተናል። በፍጻሜ 90ኛ ደቂቃ፣ እግር ሲዝል፣ ከጀርባ 40 ሜትር ባዶ ሜዳ መተው ግን ሌላ ጉዳይ ነው። መፍትሄውም የአጨዋወት እምነትን መተው አይደለም። የመጨረሻዎቹን አሥር ደቂቃዎች የተከላካዩን መስመር ጥቂት ማውረድ፣ ኳስ ያዡ ላይ ጫና ከሌለ ደግሞ ቶሎ ወደ ኋላ መሮጥ ነው።

በ2024 ፊዮረንቲና እንደገና የኮንፈረንስ ሊግ ፍጻሜ ደረሰ። በአቴንስ በኦሊምፒያኮስ በ116ኛው ደቂቃ በአዩብ ኤል ካቢ ጎል 1 ለ 0 ተሸነፈ። ሁለት ተከታታይ ፍጻሜ፣ ሁለቱም በመጨረሻ ሰዓት። ኢታሊያኖ በ2025 በቦሎኛ ኮፓ ኢጣሊያን ሲያነሳ ለሰውየው ከልቤ ደስ ብሎኛል።

ከሁሉም በፊት ያለው መንስኤ፦ የሽያጩ ጊዜ

የያኔው የክለቡ ፕሬዝዳንት ሮኮ ኮሚሶ ቭላሆቪች ውሉን እንደማያድስ ለሕዝብ የተናገሩት በኦክቶበር 2021 ነው። ውሉ በ2023 ያበቃ ነበር። አራት ወር ሳይሞላ፣ በውድድሩ መሀል ተሸጠ። ተተኪው ካብራል ያለ በጋ ዝግጅት በቀጥታ ጨዋታ ውስጥ ገባ።

ከናፖሊ ጋር አወዳድሩት። ጎንዛሎ ኢጓይን በ2015-16 በሴሪ ኤ 36 ጎል አግብቶ በ2016 በጋ በ90 ሚሊዮን ዩሮ ወደ ዩቬንቱስ ሄደ። ናፖሊ አርካዲዩሽ ሚሊክን ገዛ፣ እሱ በመጸው ጉልበቱ ተጎዳ። አሰልጣኝ ማውሪዚዮ ሳሪ አጭሩን የመስመር ተጫዋች ድሪስ ሜርተንስን መሀል አስገቡት። ሜርተንስ 28 ጎል አገባ። ቡድኑ ከ80 ጎል ወደ 94 ወጣ፣ ነጥቡም ከ82 ወደ 86። ኢጓይንን የሚመስል ሰው አልፈለጉም፣ ኳሱ የሚሄድበትን መንገድ ለወጡ። ሽያጩ በበጋ መሆኑም አዲሱን ቡድን ለማደራጀት ጊዜ ሰጣቸው።

ምልክቱ ሲደበቅ

ፊዮረንቲና ራሱ የቆየ ምሳሌ አለው። በ2000 ዋና አጥቂው ጋብሪኤል ባቲስቱታ ወደ ሮማ ተሸጠ። በ2000-01 ቡድኑ በሊጉ 9ኛ ወጣ፣ ኮፓ ኢጣሊያን ግን ፓርማን በፍጻሜ ረትቶ ወሰደ። አጥቂው ኤንሪኮ ኪዬዛ ብቻውን 22 የሊግ ጎል አገባ። ሁሉም ነገር የዳነ መሰለ። የገንዘቡ ቀውስ ግን ውስጥ ውስጡን ቀጠለ። በቀጣዩ በጋ ግብ ጠባቂው ቶልዶና አማካዩ ሩዪ ኮስታ ተሸጡ። ወቅቱ ሲጀመር ኪዬዛ ጉልበቱ ተጎዳ። ሌላ የሚያገባ አልነበረም። ቡድኑ በ2002 ወረደ፣ ክለቡም ከሰረ፣ ከአራተኛው ሊግ እንደገና ጀመረ።

ስለዚህ አንድ ሰው ብቻውን ቀዳዳውን ሲደፍን ከጀርባው ማን እንዳለ ጠይቁ።

ፊዮረንቲና መቼ ዳነ?

በ2023 በጋ ካብራል ወደ ቤንፊካ፣ ዮቪች ወደ ሚላን ሄዱ። አጥቂዎቹ ንዞላና ቤልትራን መጡ፣ ችግሩ ቀጠለ። የተፈታው በ2024 በጋ ነው። ሞይዝ ኪን ከዩቬንቱስ በ13 ሚሊዮን ዩሮና በጉርሻ ተገዛ። በዩቬንቱስ የቭላሆቪች ተጠባባቂ ነበር፣ በ2023-24 ደግሞ በሊጉ አንድም ጎል አላገባም። ዝናውን ብቻ ያየ ሰው አይገዛውም ነበር። ሥራውን ያየ ግን ይገዛዋል። ተከላካይ ይጋፋል፣ ጀርባውን ሰጥቶ ኳስ ይይዛል፣ ከጀርባም ይሮጣል። ቭላሆቪች ይሠራው የነበረው ይህንኑ ነው። በ2024-25 ኪን በሴሪ ኤ 19 ጎል አገባ፣ ፊዮረንቲናም በ65 ነጥብ 6ኛ ሆነ።