ኤሮዳይናሚክስ የሚማሩ የምህንድስና ተማሪዎች ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በኤሮዳይናሚክስ ፈተናዎችና ፕሮጀክቶች ላይ ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች አብዛኞቹ ከሒሳብ ችሎታ ማነስ የመጡ አይደሉም። ተማሪው ቀመሩን በትክክል ያስታውሳል፣ ቁጥሮቹንም በትክክል ያባዛል፤ ነገር ግን ቀመሩ ለየትኛው አየር፣ ምን ያህል ስፋት ላለው አካልና በምን ሁኔታ እንደሚሠራ ሳይጠይቅ ወደ ስሌቱ ይገባል። ከዚህ በታች የማነሣቸው ስህተቶች ሁሉ የሚቀዱት ከዚሁ ምንጭ ነው።

ፈጽሞ ልታልፉት የማይገባችሁ ስህተት ክንፍ ሊፍት (ወደ ላይ የሚያነሣ ኃይል) የሚያገኝበትን ምክንያት «በእኩል ጊዜ መድረስ» የሚያስረዳው ታሪክ ነው። በክንፉ የፊት ጠርዝ ላይ የተለያዩ ሁለት የአየር ቅንጣቶች በኋላ ጠርዝ ላይ እኩል መገናኘት አለባቸው፤ የላይኛው መንገድ ስለሚረዝም የላይኛዋ ቅንጣት ትፈጥናለች፤ ስትፈጥን ግፊቷ ይቀንሳል፤ ክንፉም ይነሣል ይባላል። ሁለቱ ቅንጣቶች እንዲገናኙ የሚያስገድድ አንድም የፊዚክስ ሕግ የለም። ሊፍት በሚያመነጭ ክንፍ ላይ በተግባር የሚታየው እንዲያውም ይህ ነው፦ በላይ የሚያልፈው አየር ከታችኛው ቀድሞ ይደርሳል እንጂ እኩል አይደርስም። ታሪኩን በራሱ ሒሳብ መፈተንም ይቻላል። የላይኛው መንገድ ከታችኛው በ2 በመቶ ይረዝማል ብንል፣ በዚህ አስተሳሰብ የሚገኘው የሊፍት ኮኤፊሸንት (የክንፉን የማንሣት አቅም የሚገልጽ ቁጥር) 0.04 ገደማ ብቻ ነው፤ ሴስና 172 የተባለው ትንሽ አውሮፕላን የሚጠቀምበት፣ ናካ የተባለው የቀድሞ የአሜሪካ የበረራ ምርምር ተቋም ያወጣው ናካ 2412 ኤርፎይል (የክንፍ የጎን ቁራጭ ቅርጽ) ግን በ4 ዲግሪ ዘዌ (ክንፉ ከሚመጣው አየር ጋር የሚሠራው ማዕዘን) 0.6 ያህል ይሰጣል። አውሮፕላን ተገልብጦ መብረሩን፣ ጠፍጣፋ ሰሌዳም ዘንበል ሲል ሊፍት ማግኘቱን ይህ ታሪክ ሊያስረዳ አይችልም። ታሪኩን ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ይዞ የመጣ ተማሪ እስከ መመረቂያው ዓመት ድረስ ሳይለቀው ሳይ በእጅጉ እቆጫለሁ፤ ምክንያቱም በላዩ ላይ የሚገነባው ዕውቀት ሁሉ መሠረቱ የተናጋ ይሆናል።

ትክክለኛው ማብራሪያ ይህን ያህል ከባድ አይደለም። ክንፉ በዙሪያው ያለውን አየር ጎንበስ አድርጎ ወደ ታች ያዞረዋል፤ አየር በጥምዝ መንገድ እንዲሄድ ደግሞ በጥምዙ ውጭና ውስጥ የግፊት ልዩነት መኖር አለበት፤ ስለዚህ ከክንፉ በላይ ግፊቱ ይቀንሳል፣ በዚያም የሚያልፈው አየር ይፈጥናል። የኒውተን ሕግና የበርኑሊ ቀመር (የአየርን ፍጥነትና ግፊት የሚያያይዘው) አንዱን ክስተት ከሁለት አቅጣጫ የሚገልጹ ናቸውና «የትኛው ነው ትክክል?» ብሎ መከራከር ጊዜ ማባከን ነው። ኩታ በ1902፣ ዡኮቭስኪ ደግሞ በ1906 ያሳተሟቸው ሥራዎች ሊፍትን ከሰርኩሌሽን (በክንፉ ዙሪያ ካለው የአየር ዑደት መጠን) ጋር ያስተሳሰሩ ሲሆን፣ አየሩ ሹል ከሆነው የኋላ ጠርዝ ለስላሳ ሆኖ መውጣት አለበት የሚለው ሁኔታ የሰርኩሌሽኑን መጠን ይወስነዋል። ይህን ክፍል በጥሞና ያነበበ ተማሪ ወደ እኩል ጊዜው ታሪክ ሲመለስ አላየሁም።

ሁለተኛው ስህተት በተለይ ጅማ ላይ ለምንማርና ለምናስተምር ሰዎች ትልቅ ነው፤ እርሱም የአየር እፍግታን ሁልጊዜ 1.225 ኪሎ ግራም በሜትር ኩብ አድርጎ መውሰድ ነው። ይህ ቁጥር በባሕር ወለል፣ በ15 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ ያለ መደበኛ አየር እፍግታ ነው። ጅማ ግን ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት፤ በዚህ ከፍታ መደበኛው እፍግታ 1.04 አካባቢ ሲሆን፣ ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ 27 ዲግሪ ሲደርስ ወደ 0.96 ይወርዳል። አንድ የተማሪዎች ቡድን 2 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሰው አልባ አውሮፕላን ሠርቶ፣ በስሌቱ መሠረት መነሣት ሲገባው ሳይነሣ ሲቀር ቀኑን ሙሉ ሞተሩን ሲፈትሽ ውሏል። ሞተሩ ደኅና ነበር። በ1.225 የተሰላ ክንፍ በ0.96 አየር ውስጥ በዚያው ፍጥነትና ዘዌ መሸከም የሚችለው 1.57 ኪሎ ግራም ብቻ ነው፤ ለመነሣት ፍጥነቱ 13 በመቶ መጨመር ነበረበት፣ ፕሮፔለሩም በዚያው ሳሳ ያለ አየር ውስጥ ግፊያው ይቀንሳል። አውሮፕላን በከፍታ ቦታና በሞቃት ቀን ሲነሣ ረዘም ያለ መንደርደሪያ የሚፈልገውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ከዚሁ ጋር የተያያዘ አንድ ወጥመድ አለ። የስልክ የአየር ጠባይ መተግበሪያ ለጅማ 1,015 ሄክቶፓስካል ገደማ የሆነ ግፊት ሲያሳይ፣ ተማሪው ያንን ወስዶ እፍግታ ያሰላበታል። ይህ ቁጥር ወደ ባሕር ወለል ተመልሶ የተሰላ እንጂ በቆማችሁበት ቦታ ያለው ግፊት አይደለም፤ እዚህ ያለው ትክክለኛ ግፊት 825 ሄክቶፓስካል አካባቢ ነው። በባሮሜትር ለኩ፤ ባሮሜትር ከሌለ ከከፍታው አስሉ።

የሬይኖልድስ ቁጥርን (የአየሩ ግስጋሴ ከዝልግልግነቱ ጋር ሲነጻጸር የሚገኘውን ጥምርታ) መዘንጋት ሦስተኛው ነው። ስፋቱ (ከፊት ጠርዝ እስከ ኋላ ጠርዝ) 15 ሴንቲ ሜትር የሆነ ክንፍ በሰከንድ 12 ሜትር ሲበር የሬይኖልድስ ቁጥሩ 90,000 ያህል ነው። ተማሪው የሚገለብጣቸው የታወቁት የናካ መረጃዎች ግን የተለኩት በ3፣ በ6 እና በ9 ሚሊዮን ነው። በትንሹ ቁጥር ላይ ባውንደሪ ሌየሩ (ከክንፉ ገጽ ጋር የተጠጋው ቀጭን የአየር ንብርብር) ላሚናር (በሥርዓት በንብርብር የሚፈስ) ሆኖ ስለሚቆይ ከክንፉ በቀላሉ ይላቀቃል፤ ድራጉ (አየሩ ወደ ኋላ የሚጎትትበት ኃይል) ይጨምራል፣ ከፍተኛው ሊፍትም ይቀንሳል። ፕራንትል በ1904 ባውንደሪ ሌየርን ባያስተዋውቅ ኖሮ ይህን ልዩነት የምናስረዳበት መንገድ አይኖረንም ነበር፤ ስለዚህ ምዕራፉን ለፈተና ብቻ አታንብቡት።

የሊፍት ኩርባው ዝንባሌ (የሊፍት ኮኤፊሸንቱ ከዘዌው ጋር የሚጨምርበት መጠን) ሁለት ፓይ በራዲያን መሆኑን እየዘነጉ 5 ዲግሪን እንዳለ የሚያስገቡ አሉ፤ ውጤታቸው 31.4 ይሆናል። ትክክለኛው 0.55 ነው። ከስህተቱ ይበልጥ የሚያሳስበኝ 31.4ን ጽፎ፣ ከሥሩ ሁለት መስመር አስምሮ ወደሚቀጥለው ጥያቄ መሄድ ነው።

የኤርፎይል ኮኤፊሸንትን ለሙሉ ክንፍ አትጠቀሙ፤ የርዝመትና የስፋት ጥምርታው 6 የሆነ ክንፍ ከጫፎቹ በሚነሣው ሽክርክሪት ምክንያት ሩብ ያህሉን የሊፍት ዝንባሌ ያጣል።

ስቶል (አየሩ ከክንፉ ተላቆ ሊፍት በድንገት መቀነሱ) የሚመጣው ዘዌው ከገደቡ ሲያልፍ ነው፤ በማናቸውም ፍጥነት ሊከሰት ይችላል።

የበርኑሊ ቀመርን በተመለከተ፣ ባውንደሪ ሌየር ውስጥ ሰበቃ ስላለ፣ በፕሮፔለር ፊትና ኋላ መካከል ደግሞ ኃይል ስለሚጨመር፣ በእነዚህ ቦታዎች ላይ ቀመሩን መዘርጋት አይቻልም። ማክ 0.3 (የድምፅ ፍጥነት 0.3 እጥፍ) ላይ፣ ማለትም በሰከንድ 100 ሜትር ገደማ ላይ፣ የእፍግታው ለውጥ ወደ 5 በመቶ ይጠጋል፤ ከዚያ በላይ የማይታመቅ አየር የሚለው ግምት እየከሸፈ ይሄዳል።

በመጨረሻም የኮምፒውተር ሲሙሌሽን አለ። ባለ ቀለም ሥዕል ይዞ የሚመጣ ተማሪ ብዙ ነው፤ ሜሹን (አየሩ ለስሌት የሚከፋፈልባቸውን ትንንሽ ክፍሎች) አጥቅጦ ውጤቱ ይለወጥ እንደሆነ ያየ ግን ጥቂት ነው። ሶፍትዌሩ የተሳሳተ የድንበር ሁኔታ (በስሌቱ ቦታ ጠርዞች ላይ ያለ ፍጥነትና ግፊት) ቢሰጡትም ያማረ ሥዕል ያወጣል። ስለዚህ የክንፍ ሲሙሌሽን ከማየቴ በፊት ከእያንዳንዱ ተማሪ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ በሬይኖልድስ ቁጥር 100,000 ላይ ያለን ለስላሳ ጠፍጣፋ ሰሌዳ በላሚናር ፍሰት አስልቶ፣ ብላሲየስ በ1908 ካገኘው መፍትሔ ጋር ማወዳደር። የሰሌዳው የአንድ ገጽ የሰበቃ ኮኤፊሸንት 0.0042 አካባቢ ካልወጣ፣ ሜሹ እስኪስተካከል ድረስ ስለ ክንፉ አንነጋገርም።