የፎም ፈሳሽን ከመሣሪያው ጋር ማጣጣም፦ ከጀሪካኑ እስከ ኖዝሉ

በነዳጅ ዲፖ፣ አልኮል በሚጠቀም ፋብሪካ ወይም በእሳት አደጋ መኪና ላይ የፎም (የእሳት ማጥፊያ አረፋ) ዕቃ ሲሟላ ብዙ ጊዜ ፈሳሹ በአንድ ጨረታ፣ ፈሳሹን ከውሃ ጋር የሚቀላቅለው ኢንዳክተር በሌላ ጊዜ፣ አረፋውን የሚረጨው ኖዝል ደግሞ በእርዳታ ይገኛል። ሦስቱም በየራሳቸው ጥራት ያላቸው ሊሆኑ ይችላሉ፤ እርስ በርስ ካልተጣጣሙ ግን ከኖዝሉ የሚወጣው ነጣ ያለ ውሃ ብቻ ይሆናል። ይህ ችግር የሚታወቀው አብዛኛውን ጊዜ እሳት በተነሳበት ሰዓት ነው፤ ያኔ ደግሞ የሚቀየር ነገር የለም። ስለዚህ ፈሳሹን፣ ቀላቃዩንና ኖዝሉን እንደ አንድ ዕቃ ቆጥሮ አስቀድሞ ማጣራት ያስፈልጋል።

መጀመሪያ የሚጠየቀው የሚነደው ነገር ምንድን ነው የሚለው ነው። ቤንዚን፣ ናፍጣ፣ ነጭ ጋዝና የአውሮፕላን ነዳጅ ከውሃ ጋር ስለማይቀላቀሉ የፕሮቲን፣ የፍሎሮፕሮቲን ወይም ኤ-ትሪፕል-ኤፍ የሚባለው፣ በነዳጁ ገጽ ላይ ስስ የውሃ ሽፋን የሚዘረጋው ፎም ይሠራላቸዋል። ኢታኖል፣ ሜታኖል፣ አሴቶንና መሰሎቻቸው ግን ከውሃ ጋር ስለሚዋሐዱ የአረፋውን ውሃ መጥጠው ወዲያው ያፈርሱታል። ለእነዚህ አልኮል ተቋቋሚ የሚባለው ዓይነት ያስፈልጋል፤ በውስጡ ያለው ፖሊመር አልኮሉን ሲነካ ይረጋና በሚነደው ፈሳሽና በአረፋው መካከል እንደ ስልባቦት ያለ ሽፋን ይሠራል። ጉዳዩ በአገራችን የሩቅ አይደለም። የፊንጫና የመተሐራ ስኳር ፋብሪካዎች ኢታኖል ሲያመርቱ ቆይተዋል፤ በ2001 ዓ.ም. በአዲስ አበባ 5 በመቶ ኢታኖል የተቀላቀለበት ቤንዚን መሸጥ ተጀምሮ ነበር። ኤን.ኤፍ.ፒ.ኤ. 11 የተሰኘው የአሜሪካ ደረጃ እስከ 10 በመቶ ኢታኖል ያለበትን ቤንዚን እንደ ተራ ነዳጅ ይቆጥረዋል። ሆኖም ቤንዚን ከኢታኖል ጋር የሚቀላቀልበት ግቢ ራሱ ያልተቀላቀለ ኢታኖል የሞላበት ታንከር ስለሚኖረው፣ ለዚያ ግቢ አልኮል ተቋቋሚ ፎም መያዝ ግዴታ እንደሆነ አድርጌ ነው የምመለከተው።

ቀጥሎ በጀሪካኑ ላይ የተጻፈው ቁጥር በጥንቃቄ ይነበባል። 3 በመቶ ማለት 3 ሊትር ፈሳሽ ከ97 ሊትር ውሃ ጋር ይቀላቀላል ማለት ነው፤ 6 በመቶ ከሆነ 6 ሊትር ከ94 ሊትር ጋር። ብዙዎች ትልቁ ቁጥር የበረታ ፎም የሚያመለክት ይመስላቸዋል፤ ነገሩ ተቃራኒው ነው፤ የ3 በመቶው ፈሳሽ ይበልጥ የተጠናከረ በመሆኑ ትንሹ ይበቃል። በአልኮል ተቋቋሚዎች ላይ ሁለት ቁጥር ጎን ለጎን ተጽፎ ከተገኘ የመጀመሪያው ለተራ ነዳጅ፣ ሁለተኛው ለአልኮል የሚሆነው መጠን ነው። 3 እና 6 የተጻፈበት ፈሳሽ ኢታኖል ላይ በ3 ቢረጭ ሽፋኑ ስለሚሳሳ አይይዝም።

በአገራችን በብዛት የሚታየው ቀላቃይ በቱቦ መካከል የሚገባው ኢንዳክተር ነው፤ በላዩም በደቂቃ ስንት ሊትር ውሃ እንደሚያሳልፍ ተጽፎበታል። ኖዝሉ ላይ የተጻፈው ቁጥር ከዚህ ጋር እኩል መሆን አለበት። የ400 ሊትር ኢንዳክተር በ200 ሊትር ኖዝል ቢገጠም ውሃው ወደ ኋላ ይታፈንና ኢንዳክተሩ ፈሳሹን መሳብ ያቆማል። የ400 ሊትሩ በ3 በመቶ ሲስተካከል በደቂቃ 12 ሊትር ፈሳሽ ይስባል፤ ስለዚህ አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን 1 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ ብቻ ይቆያል ማለት ነው። ለፈሰሰ ነዳጅ ኤን.ኤፍ.ፒ.ኤ. 11 የሚጠይቀው 15 ደቂቃ ነው፤ ይህም 180 ሊትር ወይም ዘጠኝ ጀሪካን ነው። በ6 በመቶ ከሆነ ዐሥራ ስምንት ጀሪካን ያስፈልጋል፤ የሚያቀባብል ሰውም አብሮ መታሰብ አለበት። ያው ኖዝል በምን ያህል ስፋት ላይ እንደሚሠራ ደግሞ ፈሳሹ ይወስነዋል፤ ኤ-ትሪፕል-ኤፍ በካሬ ሜትር በደቂቃ 4.1 ሊትር ስለሚበቃው 97 ካሬ ሜትር ገደማ ይሸፍናል፣ የፕሮቲንና የፍሎሮፕሮቲን ፎም ግን 6.5 ሊትር ስለሚፈልግ ሽፋኑ ወደ 61 ካሬ ሜትር ይወርዳል።

ኢንዳክተሩ የሚስበው በቬንቹሪ መንገድ ነው፦ ውሃው በጠባብ ጉሮሮ ሲያልፍ ፍጥነቱ ይጨምራል፣ ግፊቱ ይቀንሳል፤ በጀሪካኑ ላይ ያለው የከባቢ አየር ግፊትም ፈሳሹን ወደ ላይ ይገፋዋል። አብዛኞቹ መግቢያቸው ላይ 7 ባር አካባቢ ግፊት ይፈልጋሉ፣ አንዳንዶቹ እስከ 14 ባር ይደርሳሉ፤ ከገባው ግፊት ሲሶው ያህል እዚያው ስለሚጠፋ ከኢንዳክተሩ በኋላ ያለው ተቃራኒ ግፊት ከመግቢያው ግፊት 65 በመቶ መብለጥ የለበትም። የተጣጠፈ ቱቦ፣ ከልክ በላይ የረዘመ መስመር፣ በግማሽ የተዘጋ ኖዝል ወይም ፎቅ ላይ የወጣ ኖዝል ይህን ወሰን በቀላሉ ያሳልፈዋል፤ 10 ሜትር ከፍታ ብቻውን 1 ባር ይጨምራል።

ፈሳሹ ከኢንዳክተሩ ከ1.8 ሜትር በላይ ዝቅ ብሎ መቀመጥ እንደሌለበት በብዙ መመሪያዎች ላይ ይነበባል። ይህ ልክ ግን በባሕር ጠለል አካባቢ ላለ አየር የወጣ ነው። አዲስ አበባ 2,300 ሜትር ከፍታ ላይ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት በጅቡቲ ወደብ ካለው በሩብ ገደማ ያንሳል፤ ፈሳሹን ወደ ላይ የሚገፋው ደግሞ ይኸው አየር ነው። በዚህም ምክንያት በደጋው የሚሠራ ሰው ጀሪካኑንና ኢንዳክተሩን በተቻለ መጠን በእኩል ከፍታ እንዲያስቀምጥ፣ የአምራቹንም ቁጥር በራሱ ግቢ ሞክሮ እንዲያረጋግጥ አጥብቄ እመክራለሁ።

ከሁሉ ይበልጥ የሚዘነጋው የፈሳሹ ውፍረት ነው። ተራው ኤ-ትሪፕል-ኤፍ እንደ ውሃ ቀጭን ነው። አልኮል ተቋቋሚው ግን እንደ ተልባ ይዝለገለጋል፤ ቆሞ ሳለ ወፍራም፣ ሲበጠበጥና በኃይል ሲሳብ የሚቀጥን ነው። ብዙዎቹ ከፍሎሪን ነፃ የሆኑ ፎሞችም እንዲሁ ናቸው። ለቀጭን ፈሳሽ የተለካ የኢንዳክተር ቀዳዳ ወፍራሙን ሲያገኝ የመጠን ማስተካከያ መደወያው 3 በመቶ እያሳየ ከዚያ ያነሰ ሊስብ ይችላል፤ ብርድ ሲጨመርበት ጉድለቱ ይብሳል። ስለዚህ ኢንዳክተሩን በውሃ ብቻ ሞክሮ «ይስባል» ማለት ለወፍራም ፈሳሽ ማረጋገጫ አይሆንም፤ በዚያው ጥቅም ላይ በሚውለው ፈሳሽ መሞከር አለበት። በትልልቅ ዲፖዎች ያሉት በጎማ ከረጢት የሚሠሩ ታንኮችና በውሃ ኃይል የሚዞሩ ቀላቃይ ፓምፖች ፈሳሹን በግፊት ስለሚያስገቡ ወፍራሙን ከኢንዳክተር በተሻለ ይችሉታል፤ እነሱም ቢሆኑ ለዚያ ፈሳሽ የተፈተሹ መሆናቸው ይጠየቃል።

ወደ ኖዝሉ ስንመጣ ዋናው ጥያቄ አየር ያስገባል ወይስ አያስገባም የሚለው ነው። ኤ-ትሪፕል-ኤፍ አየር በማያስገባ ተራ የጭጋግ ኖዝል ከሁለት እስከ አራት እጥፍ ብቻ ተነፍቶም በነዳጅ ላይ ይሠራል። የፕሮቲን ፎም ግን አየር የሚያስገባ ቧንቧ ካላገኘ አረፋ አይሆንም፤ ከፍሎሪን ነፃ የሆነውም ስሱን የውሃ ሽፋን ስለማይዘረጋና እሳቱን የሚያፍነው በራሱ በአረፋው ብርድ ልብስ ስለሆነ፣ በአብዛኛው አየር አስገቢ ኖዝል ይፈልጋል። አልኮል ላይ ሲረጭ ደግሞ አረፋው ወደ ፈሳሹ መወርወር የለበትም፤ በግድግዳ ወይም በታንከሩ ጎን ላይ አርፎ ቀስ ብሎ እንዲወርድ ይደረጋል። ከ20 እስከ 200 እጥፍ የሚነፋው መካከለኛ ፎምና ከ200 በላይ የሚነፋው ከፍተኛ ፎም ለዚሁ የተሠራ ሰው ሠራሽ ፈሳሽና የራሳቸው መሣሪያ ያስፈልጋቸዋል፤ የፕሮቲን ፈሳሽ ወደ ከፍተኛ ፎም ማመንጫ ማስገባት ትርፍ የለውም።

ማከማቻውን በተመለከተ፣ ዚንክ የተነከረ ብረት ለማንኛውም ያልተበረዘ ፈሳሽ አይመከርም፤ ፕላስቲክ ወይም አይዝጌ ብረት ይመረጣል። የተለያዩ ፈሳሾች፣ የአንድ አምራች ቢሆኑም፣ አምራቹ በጽሑፍ ካልፈቀደ በአንድ ታንክ አይቀላቀሉም፤ ሊረጉና ማጣሪያውን ሊዘጉ ይችላሉ። ብዙ ፈሳሾች የሚፈቀድላቸው ከፍተኛ ሙቀት 49 ዲግሪ ሴልሺየስ ስለሆነ እንደ ሠመራ ባለ ቦታ በርሜልን ፀሐይ ላይ መተው ፈሳሹን ያበላሻል።

ፒፋስ በሚባሉት የፍሎሪን ኬሚካሎች ምክንያት ብዙ ተቋማት ወደ ፍሎሪን ነፃ ፎም እየተሻገሩ ነው፤ ከእነዚሁ ፒፎስ የሚባለው በ2009 እ.ኤ.አ.፣ ፒፎአ የሚባለው በ2019 እ.ኤ.አ. በተፈጥሮ በቀላሉ የማይበሰብሱ ኬሚካሎችን በሚገድበው የስቶክሆልም ስምምነት ዝርዝር ውስጥ ገብተዋል። ሽግግሩን እደግፋለሁ፤ የምቃወመው አሮጌውን ፈሳሽ አፍስሶ አዲሱን በዚያው ታንክ መሙላትን ነው። ታንኩና መስመሩ በባለሙያ ይጸዳሉ ወይም ይቀየራሉ፤ አጣቢው ውሃም ወደ ወንዝ አይለቀቅም፤ የኢንዳክተሩ ቀዳዳ፣ የኖዝሉ ዓይነትና በካሬ ሜትር የሚረጨው መጠን እንደገና ይሰላሉ።

የመጨረሻው ሥራ መለካት ነው። ቀላሉ መንገድ ጀሪካኑን መዝኖ ለአንድ ደቂቃ ማስኬድና ስንት ሊትር እንደጎደለ ማየት ነው። ይበልጥ የሚታመነው ግን ብርሃን በፈሳሽ ውስጥ ሲያልፍ የሚጎብጥበትን መጠን የሚለካው ሪፍራክቶሜትር ነው፦ በግቢው ውሃና በራሱ ፈሳሽ 2፣ 3 እና 4 በመቶ ናሙናዎች ተዘጋጅተው ንባባቸው በወረቀት ላይ በመስመር ይያያዛል፤ ከዚያ ከኖዝሉ የተቀዳው ናሙና ከመስመሩ ጋር ይነጻጸራል። ለ3 በመቶ ፈሳሽ ተቀባይነት ያለው ከ3 እስከ 3.9 ነው፤ ለ6 በመቶ ከ6 እስከ 7። ንባቡ በሪፍራክቶሜትር በደንብ የማይለይ ፈሳሽ ከሆነ የኤሌክትሪክ አስተላላፊነት መለኪያ ይተካዋል። ከሙከራው በኋላ መስመሩ ጥርት ያለ ውሃ እስኪወጣ ድረስ ይታጠባል፤ የደረቀ ፎም ውሃ ወደ ጀሪካኑ እንዳይመለስ በኢንዳክተሩ ውስጥ የሚዘጋውን ኳስ ያጣብቃልና። የተገኘው ቁጥር፣ የፈሳሹ ዓይነት፣ የመግቢያው ግፊትና የሙከራው ቀን በማይለቅ ቀለም ተጽፈው ኢንዳክተሩ ላይ ይታሰሩ።