ካርታው በስማችሁ መሆኑ ብቻ አይበቃም

ከዲሲም ከሪያድም የሚደርሰኝ ጥያቄ አንድ ዓይነት ነው፤ «ካርታው በስሜ ነው፣ የሊዝ ክፍያውም አልተቋረጠም፣ ታዲያ መሬቴን እንዴት ይወስዱታል?» ይወስዱታል። የሊዝ መሬት የሚሰጠው ከነግዴታው ነው። ግንባታው መቼ ተጀምሮ መቼ እንደሚያልቅ፣ ቦታው ለመኖሪያ ይሁን ለንግድ፣ ውሉ ላይ ተጽፏል። በ2004 ዓ.ም የወጣው አዋጅ ቁጥር 721 ማጠናቀቂያ ብሎ ያስቀመጠው ለአነስተኛ ግንባታ እስከ 24፣ ለመካከለኛ እስከ 36፣ ለትልቅ እስከ 48 ወር ነበር። ጊዜው ካለፈ ማስጠንቀቂያ ይመጣል፣ ከዚያ ውሉ ይቋረጣል። «ውጭ ሀገር ነበርኩ» ማለት አያድንም።

የኔን ልንገራችሁ። ቤቱን እንዲያሠራልኝ የወከልኩት የአጎቴን ልጅ ነው፤ አብረን ነው ያደግነው። ብር በላክሁ ቁጥር ፎቶ ይልክልኛል፤ የተቆለለ አሸዋ፣ የታሰረ ፌሮ። ለካ የጎረቤት ግንባታ ነው። ፎቶው ጥግ ላይ ሰማያዊ የቆርቆሮ አጥር ይታያል፣ የኔ ቦታ ግን በድንጋይ ነው የታጠረው። ማስጠንቀቂያው ሲመጣ ፈርሞ የተቀበለው እሱ ነበር፤ መሳቢያ ውስጥ ከተተው። ሁለተኛውንም እንደዚያው። ሕጋዊ ወኪሌ ነውና እሱ ሲቀበል እኔ እንደተቀበልኩ ተቆጠረ፣ ውሉ መቋረጡን የሰማሁት ከሰፈር ሰው ነው። ቤተሰቡ ደግሞ «ወንድምህ አይደል፣ በሽማግሌ ይለቅ» አለ። የብሩ ነገር በሽማግሌ ሊያልቅ ይችል ይሆናል፤ መሬቱን ግን የትኛውም ሽማግሌ አላስመለሰውም።

ስለዚህ ብር የሚይዘውና ወረቀት የሚከታተለው አንድ ሰው አይሁን። ሁለቱም ዘመድ ከሆኑ አንዱ ከእናታችሁ፣ ሌላው ከአባታችሁ ወገን ይሁን። ከሁለቱም ጋር የማይዛመድ ሌላ ሰው ደግሞ አልፎ አልፎ ቦታው ላይ ቆሞ በቪዲዮ ይደውልላችሁ። ከበሩ ይጀምር፣ የጎረቤቱንም ቤት ያሳያችሁ። ፎቶ አትቀበሉ። ቅር የሚለው ዘመድ ካለ ቅር ይበለው።

ጠቅላላ ውክልና አትስጡ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2205 ቤት ለመሸጥም ሆነ በዋስትና ለማስያዝ ልዩ ሥልጣን ይጠይቃል፤ ችግሩ ተዘጋጅቶ የሚላክላችሁ ጽሑፍ ብዙ ጊዜ «ለመሸጥ፣ ለመለወጥ፣ በዋስትና ለማስያዝ» ብሎ ሁሉንም ደርድሮት መምጣቱ ነው። ሳትፈርሙ የማትፈልጉትን አስወጡ። ውክልናው የሚያልፈው በኤምባሲ፣ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርና በሰነዶች ማረጋገጫ በኩል ነው።

ኮንዶሚኒየም ልትገዙ ያሰባችሁም ስሙኝ። በዕጣ የደረሰ ቤት አምስት ዓመት ሳይሞላው አይሸጥም። ደላላው «በውክልናና በብድር ውል እንጨርሰዋለን» ይላችኋል፤ ሽያጩን ብድር አስመስለን እንጻፈው ማለቱ ነው። ውክልናውን ሻጩ በፈለገ ቀን ይሽረዋል፣ ከሞተም ውክልናው ያበቃል። ቤቱ ለወራሾች ይሄዳል፣ እናንተ እጅ የምትቀረው የብድር ወረቀቷ ናት።

የሊዝ ውላችሁን ሙሉ ኮፒ ዛሬውኑ አስልኩና የማጠናቀቂያ ቀኑን ራሳችሁ አንብቡ። ቀኑ ከተቃረበ ሳያልፍ ማራዘሚያ በጽሑፍ ይጠየቅ፤ የመዝገብ ቤቱ ማህተም ያረፈበት ኮፒም እጃችሁ ይግባ።