እያነበባችሁ ያለውን ለወዳጅ ማካፈል

መጽሐፉን እስክትጨርሱ አትጠብቁ። እኔ አሁን «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ለሁለተኛ ጊዜ ይዣለሁ። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት ነው። ታሪኩን ከጫፍ እስከ ጫፍ አልተርክም፤ ልቤን የያዘውን አንድ ቦታ ብቻ እጽፋለሁ።

ትናንት የያዘኝ ከመጽሐፉ ገጸ ባሕርያት አንዱ፣ ጉዱ ካሳ ነው። ሰው እብድ ይለዋል፤ እውነቱን የሚናገረው ግን እሱ ነው። ይህን ሳስብ የጅማ ዝናብ ቆርቆሮውን ይደበድባል፣ እናቴ የሊሙ ቡና ትቆላለች። ጭሱ ገጹ ላይ ሲያልፍ ማንበቤን አቆምኩ። ቴሌግራም ላይ የጻፍኩትም ይህንኑ ነው፤ ጉዱ ካሳን፣ ዝናቡን፣ የቡናውን ጭስ። አንዲት ጓደኛዬ ወዲያው «እኛም ሰፈር አንድ ጉዱ ካሳ ነበረ» ብላ መለሰች። ከዚያ ወሬው ደራ።

ስታነቡ እርሳስ ያዙ፤ የነካችሁን መስመር በስሱ አስምሩበት። ማታ ሦስት አራት ዓረፍተ ነገር ይበቃል። የት ሆናችሁ እንዳነበባችሁ ጨምሩ። መጨረሻውን ግን አደራ አትንገሩ፤ ገና ያላነበበ ሰው አለ፣ ደስታውን መቀማት ነውር ነው። የጎረቤትን ጉዳይም ስም ጠርታችሁ አትጻፉ። ሰው ሲመልስላችሁ ደግሞ በዚያው ቀን መልሱለት።