ለሥራ የሚሆን ውድ ላፕቶፕ ስትገመግሙ የሚጥሏችሁ ስህተቶች

ለቪዲዮ ኤዲተሮች፣ ለመሐንዲሶችና ለፕሮግራመሮች ላፕቶፕ መገምገም የዕለት ሥራዬ ነው። ገንዘቡ ከወጣና ካርቶኑ ከተጣለ በኋላ «ይሄን ሁሉ ከፍዬ ለምን ይንቀራፈፋል?» ብሎ የሚመጣ ሰው አላጣም። አብዛኛውን ጊዜ ማሽኑ ጤነኛ ነው፤ ሲገዛ ግን መጠየቅ የነበረበት ጥያቄ ሳይጠየቅ ቀርቷል። በርካሽ ላፕቶፕ መሳሳት ያናድዳል፣ ያልፋል። በዚህ የዋጋ ደረጃ ሲሆን ግን ሰውየው ከስህተቱ ጋር አራት አምስት ዓመት መኖሩ ነው። ስለዚህ ደጋግሜ የማያቸውን ልዘርዝር።

በአንድ ደቂቃ ቤንችማርክ መፍረድ

ይሄኛውን ረዘም አድርጌ እናገረዋለሁ፤ ከሌሎቹ ሁሉ በላይ ገንዘብ ሲያስበላ ያየሁት እሱን ነው። ሰው አዲሱን ላፕቶፕ ይከፍታል፣ ቤንችማርክ የሚባለውን የፍጥነት መለኪያ ፕሮግራም ያስኬዳል፣ ብዙም ሳይቆይ ትልቅ ቁጥር ይወጣለታል፣ በቃ ተፈረደ። ቁጥሩ ትክክል ነው። ነገር ግን የቀዝቃዛ ማሽን ቁጥር ነው፤ የእናንተ ሥራ ደግሞ ማሽኑ ከጋለ በኋላም ይቀጥላል።

ኢንቴል ለላፕቶፕ ፕሮሰሰሮቹ ሁለት የኃይል መጠን ይጽፋል፤ አንዱ ያለማቋረጥ ሲሠራ የሚታሰብለት መነሻ፣ ሌላው ለአጭር ጊዜ ብቻ የሚፈቀድለት ጣሪያ። ለምሳሌ ኮር አልትራ 7 155ኤች መነሻው 28 ዋት፣ ጣሪያው 115 ዋት ነው። ልዩነቱን ልብ በሉ፤ አራት እጥፍ ይሆናል። በሁለቱ መካከል የት ላይ እንደሚሠራና እዚያ ላይ ምን ያህል እንደሚቆይ የሚወስነው ላፕቶፑን የሠራው ኩባንያ ነው፤ እሱም የሚወስነው በሰውነቱ ውፍረት፣ በማራገቢያው መጠንና ሙቀቱ በሚወጣበት ቀዳዳ ልክ ነው። ስለዚህ ያው ፕሮሰሰር ስስ ላፕቶፕ ውስጥና ወፈር ያለ ላፕቶፕ ውስጥ ሲገባ ሥራ ላይ ሁለት የተለያየ ፕሮሰሰር ይሆናል። የመጀመሪያው ደቂቃ ላይ ይመሳሰላሉ። ሃያኛው ደቂቃ ላይ አይተዋወቁም።

አንድ ኤዲተር ሁለት ላፕቶፕ አቅርቦ «ስሱ በቤንችማርክ ይበልጣል፣ እሱን ልውሰድ» አለኝ። ቤንችማርኩን ትተን የራሱን ረጅም ቃለ መጠይቅ ሁለቱም ላይ እኩል ኤክስፖርት (የተቀናበረውን ቪዲዮ ወደ መጨረሻ ፋይል መቀየር) አስጀመርን፤ የፕሮሰሰሩን ፍጥነት የሚያሳየውን መስኮት ጎን ለጎን ከፍተን ተቀመጥን። ስሱ ከአራት ጊጋኸርዝ በላይ ሆኖ ተነሳና ቀደመ። ትንሽ ቆይቶ ማራገቢያው ጮኸ፣ ከኪቦርዱ በላይ ያለው ብረት እጅ የማያስቀምጥ ሆነ፣ ፍጥነቱ እየተንሸራተተ ወርዶ ሁለት ተኩል አካባቢ ተቀመጠ። ከዚያ በኋላ ቀና አላለም። ወፍራሙ ሲጀምርም ያን ያህል አልሮጠም፤ ግን የጀመረበትን ፍጥነት ይዞ ዘለቀና በሰፊ ልዩነት ቀድሞ ጨረሰ። ኤዲተሩ በየቀኑ የሚያደርገው ይህንኑ ኤክስፖርት ነው። የመቶ ሜትር ሰዓት አይቶ የማራቶን ሯጭ ሊመርጥ ነበር።

በትልልቅ ኩባንያዎችም ይደርሳል። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው ኮር አይ9 ያለው ማክቡክ ፕሮ ሥራ ሲበዛበት ፍጥነቱ ከተጻፈለት መነሻ ከ2.9 ጊጋኸርዝ በታች እየወረደ ተገኘ። አፕል ከቀናት በኋላ ሙቀት የሚቆጣጠረው ፈርምዌር (የማሽኑ የውስጥ ሶፍትዌር) ጉድለት እንዳለበት አምኖ ማስተካከያ ለቀቀ። ጉዳዩን ያወጣው እውነተኛ የቪዲዮ ኤክስፖርት ነበር።

እንግዲህ የምለምናችሁ ይህን ነው። ከሥራችሁ ሁሉ ከባዱን ፕሮጀክት በፍላሽ ይዛችሁ ሂዱ። ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ሳታቋርጡ ደጋግማችሁ አስኬዱት፣ የመጀመሪያውና የመጨረሻው ዙር የፈጀውን ጊዜ ጻፉ። ሁለቱ ከተቀራረቡ ማሽኑ ራሱን ያውቃል። በጣም ከተራራቁ የመጨረሻውን ቁጥር ብቻ ያዙ፤ የምትገዙት እሱን ነው። ፈተናውን ስታደርጉ ማሽኑ በየትኛው የኃይል ሁነታ ላይ እንዳለም እዩ። ብዙ ግምገማዎች የሚሠሩት ማራገቢያው እስከ ጥግ በሚጮህበት ሁነታ ነው፤ እናንተ ግን ስብሰባ ላይ ጸጥ ባለው ሁነታ ነው የምትሠሩት። ጸጥ ባለው ፈትኑት።

በስም መታለል

ግራፊክስ ካርድ ላይ ይሄ ስህተት ክፉ ነው። የዴስክቶፑ አርቲኤክስ 4090 ሚሞሪው 24 ጊጋባይት ሲሆን እስከ 450 ዋት ይስባል። የላፕቶፑ አርቲኤክስ 4090 ሚሞሪው 16 ጊጋባይት ነው፣ ኃይሉ ከ80 እስከ 150 ዋት ተብሎ ይጻፋል፣ ውስጡ ያለው ቺፕም ሌላ ነው። ስማቸው አንድ፣ ማንነታቸው ሁለት። በላፕቶፕ መካከል እንኳ አርቲኤክስ 4070 ከ35 እስከ 115 ዋት ሊሆን ይችላል። ሻጩን «ስንት ዋት ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። መልስ ከሌለው የኩባንያውን የስፔክ ወረቀት (የማሽኑን ዝርዝር መግለጫ) አውርዱ፤ እዚያም ካልተጻፈ መጠርጠር መልካም ነው።

ፕሮሰሰር ላይም እንደዚሁ። ኤኤምዲ ራይዘን 7 7730ዩ ቁጥሩ በ7 ሺህ ስለሚጀምር አዲስ ይመስላል፤ የተሠራው ግን ዜን 3 በሚባለው በቀድሞው የኤኤምዲ ንድፍ ነው፣ 7840ዩ ደግሞ በቀጣዩ በዜን 4። በዚያ ተከታታይ ትውልዱን የሚናገረው ሦስተኛው አኃዝ ነው። መጨረሻ ላይ ያለችውን ፊደልም አትዝለሏት፤ ዩ እና ኤች የተለያየ ኃይል የተመደበላቸው ናቸው።

ባትሪን በሰዓት መለካት

«እስከ 18 ሰዓት» የሚለው ማስታወቂያ አብዛኛውን ጊዜ የሚለካው የስክሪኑ ብርሃን ዝቅ ተደርጎ ቪዲዮ በማጫወት ነው። ሰዓቱን ተዉትና ዋት-ሰዓቱን፣ ማለትም ባትሪው የሚይዘውን ኃይል፣ ጠይቁ። በአውሮፕላን ጉዞ ሕግ ከ100 ዋት-ሰዓት በላይ የሆነ ባትሪ የአየር መንገዱን ፈቃድ ስለሚጠይቅ ትልልቆቹ ላፕቶፖች 99 አካባቢ ላይ ይቆማሉ። ጣሪያው ለሁሉም አንድ ነው ማለት ነው፤ የሚለያያቸው የሚበሉት ኃይል ነው። 99 ዋት-ሰዓት በ10 ዋት ሲሠራ ወደ 10 ሰዓት ይሄዳል፣ በ50 ዋት ሁለት ሰዓት አይሞላም። ከባድ ሥራ ሲሠራ ከ50 ዋት በታች የሚበላ ኃይለኛ ላፕቶፕ ብዙ አይደለም።

ከሰዓቱ የሚብሰው ግን ሌላ ነው፦ ቻርጀሩ ሲነቀል የሚወርደው ፍጥነት። ብዙ ኃይለኛ ላፕቶፖች በባትሪ ሲሠሩ ግራፊክስ ካርዳቸውን በጣም ያደክሙታል። ተንቀሳቃሽ ነው ብላችሁ ገዝታችሁ ደንበኛ ፊት ስትከፍቱት የሠራችሁት የ3ዲ ሞዴል ስክሪኑ ላይ መዞር ያቅተዋል። ከላይ ያልኩትን ፈተና ቻርጀሩን ነቅላችሁ አንድ ጊዜ ድገሙት። የአፕል የኤም ተከታታይ ቺፖች እዚህ ላይ ይመሰገናሉ፤ ተሰክተውም ተነቅለውም ፍጥነታቸው ያን ያህል አይለያይም።

«ራሙን በኋላ እጨምራለሁ»

አትጨምሩም። በአብዛኞቹ ስስ ላፕቶፖች ራሙ (የሥራ ማህደረ ትውስታው) ቦርዱ ላይ ተበይዷል። ሊነቀል የሚችለው ኤልፒካም2 የሚባለው አዲስ ዓይነት እ.ኤ.አ. በ2024 በሌኖቮ ቲንክፓድ ፒ1 ሰባተኛ ትውልድ ላይ መጥቷል፣ ገና ግን አልተስፋፋም። ዛሬ የምትገዙት የዛሬ አራት ዓመት የሚኖራችሁን ነው።

ፋይል በሚቀመጥበት በኤስኤስዲም ላይ ትንሹን መጠን መውሰድ ፍጥነት ሊያስከፍል ይችላል። በ2022ቱ ኤም2 ማክቡክ ኤር ባለ 256 ጊጋባይቱ አንድ የማከማቻ ቺፕ ብቻ ስለነበረው ባለ 512ቱ በሚያነብበት ፍጥነት አያነብም ነበር። ይህን ካርቶኑ ላይ ማንም አይጽፈውም።

ስክሪኑን ሱቅ ውስጥ ማየት

በሱቅ መብራት ሥር የማያምር ስክሪን የለም። እኔ መስኮት አጠገብ እወስደዋለሁ፤ ጥቁር ገጽ እከፍትና ፊቴ ምን ያህል እንደሚታየኝ አያለሁ። የሚያብለጨልጭ ስክሪን ላይ ጥቁር የኮድ መስኮት ከፍቶ ቀኑን ሙሉ የራስን ፊት እያዩ መሥራት ዓይን ያደክማል፣ አንገትም ያጣምማል፤ ሰው ሳይታወቀው ለማምለጥ ይዞራልና።

የብርሃን ቁጥር ሲነገራችሁ የየትኛው እንደሆነ ለዩ። የ2021ዱ ማክቡክ ፕሮ ስክሪን 1600 ኒት (የብርሃን መለኪያ) ይባላል፤ ያ ኤችዲአር በሚባለው፣ የብርሃንና የጥላ ልዩነቱ ሰፊ በሆነ ምስል ውስጥ ያለች ብርሃናማ ቦታ ላይ ነው፣ ተራ ሥራ ላይ 500 ነው። ሁለቱም እውነት ነው፤ ሰነድ የምታነቡት ግን በ500ው ነው። ቀለም ለሚያስተካክል ሰው «መቶ ፐርሰንት» የሚለው ብቻውን ትርጉም የለውም፤ የጠበበው የቀለም ክልል የኤስአርጂቢ ነው ወይስ የሰፊው የዲሲአይ-ፒ3 ብሎ መጠየቅ አለበት።

ኦሌድን፣ እያንዳንዱ ነጥብ በራሱ የሚያበራበትን ስክሪን፣ በተመለከተ፦ ጥቁሩ ወደር የለውም። ነገር ግን ብዙዎቹ ብርሃን የሚቀንሱት በፍጥነት በማብራትና በማጥፋት ነው፤ አንዳንድ ሰው ይህ ራስ ምታት ይሰጠዋል። ብርሃኑን አውርዱና በስልካችሁ ካሜራ ተመልከቱት። ጥቁር መስመሮች እየተንከባለሉ ከታዩና ራስ ምታት የሚያስቸግራችሁ ከሆነ ሌላ ምረጡ። ቀኑን ሙሉ የፕሮግራሙ የትዕዛዝ ምልክቶች አንድ ቦታ ላይ ሳይነቃነቁ የሚውሉበት ሥራ ከሆነ ደግሞ ምልክቱ ስክሪኑ ላይ ታትሞ የመቅረት ዕድል አለው።

ሶፍትዌሩን ሳይጠይቁ ማሽን መውደድ

የማሽን ዕቃ መንደፊያው ሶሊድወርክስ ማክ ላይ አይጫንም፣ የሕንፃ መንደፊያው ሬቪትም እንዲሁ። ጀማሪ መሐንዲሶች ይህን ከገዙ በኋላ ሲያውቁ ያሳዝኑኛል፤ ማንም አልነገራቸውምና። አርም በሚባለው ንድፍ የተሠራው ስናፕድራገን ፕሮሰሰር ባላቸው አዲሶቹ የዊንዶውስ ላፕቶፖችም ጥያቄው አለ። ለሌላ ፕሮሰሰር የተጻፉ ተራ ፕሮግራሞች በማስመሰያ ይሠራሉ፤ ድራይቨር (ዕቃን ከኮምፒውተሩ ጋር የሚያግባባው ፕሮግራም) ግን ለአርም ተብሎ ካልተሠራ አይሠራም። የድሮ ፕሪንተር፣ የድምፅ መቅጃ ካርድ፣ የመሥሪያ ቤት ቪፒኤን፣ የሶፍትዌር ፈቃድ የያዘች ፍላሽ፣ እነዚህን አንድ በአንድ ጻፉና አረጋግጡ።

ቀዳዳው አንድ ዓይነት ስለሆነ ሥራውም አንድ ነው ማለት

ዩኤስቢ-ሲ የቀዳዳው ቅርጽ ብቻ ነው። ከአንዱ ቀዳዳ ተንደርቦልት 4 በሚባለው የፈጣን ግንኙነት ደረጃ በሰከንድ 40 ጊጋቢት ይወጣል፣ ከሌላው ያንኑ ከሚመስል ቀዳዳ 480 ሜጋቢት ሊወጣ ይችላል። ሞኒተር ያነሳል? ቻርጅ ያደርጋል? በግራም በቀኝም? የመጀመሪያው ኤም1 ማክቡክ ኤር የሚያነሳው አንድ የውጭ ሞኒተር ብቻ ነበር፤ ሁለት ሞኒተር ላይ ለሚሠራ ሰው ይህ ብቻውን በቂ ምክንያት ነው። የራሳችሁን ዶክ (ብዙ መሰኪያ ያለው ማገናኛ) እና ሞኒተር ይዛችሁ ሂዱ።

ክብደቱ ላይ ቻርጀሩን አለመደመር። ሚዛን ላይ አብራችሁ አስቀምጧቸው፤ ሌላ የምለው የለም።

ኪቦርዱን በሁለት ዓረፍተ ነገር መሞከር። ሙሉ ገጽ ጻፉበት። አፕል እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ ያስገባው ቢራቢሮ የሚባለው ኪቦርድ ሱቅ ውስጥ ጥሩ ይመስል ነበር፤ አቧራ ሲገባበት ግን ፊደል ይደግማል ወይም ይበላል። ኩባንያው የነጻ ጥገና ፕሮግራም ከፈተ፣ ኪቦርዱንም በ2019 መተው ጀመረ። ይህን የገባቸው በእጃቸው ብዙ የጻፉ ሰዎች ናቸው።

ቦርሳ ውስጥ የሚነቃ ላፕቶፕ

አንዲት ፕሮግራመር ማታ መቶ ፐርሰንት ሞልታ ክዳኑን ዘግታ ቦርሳዋ ውስጥ የከተተችው ላፕቶፕ ጠዋት ሲወጣ እንደ ጋለ ምጣድ ነበር፤ ባትሪው ባዶ ነው። አልተበላሸም። ብዙ አዳዲስ የዊንዶውስ ላፕቶፖች ክዳናቸው ሲዘጋ እንደ ስልክ ግማሽ ንቁ ሆነው ይተኛሉ፤ አንድ ፕሮግራም ወይም ኔትወርክ ሲቀሰቅሳቸው ማራገቢያው አየር በማያገኝበት ቦታ ይሠራሉ። ይህን የስፔክ ወረቀት ላይ ብዙም አታገኙትም። ምሽት ላይ ፐርሰንቱን ጻፉ፣ ክዳኑን ዝጉ፣ ጠዋት እዩ። ከጥቂት ፐርሰንት በላይ ከወረደ ክዳን ሲዘጋ ወደ ሃይበርኔት (ሥራውን አስቀምጦ ሙሉ በሙሉ የሚጠፋበት ሁነታ) እንዲገባ አስተካክሉት፤ ካልቀበለ መልሱት።

የመመለሻውን ቀን ማባከን

ሰው ላፕቶፑን ገዝቶ የመጀመሪያውን ሳምንት ፋይል በማዘዋወርና የስክሪን ሥዕል በመምረጥ ያሳልፈዋል። ከባዱን ሥራ «ቅዳሜ ረጋ ብዬ» ይላል። ቅዳሜ ሌላ ነገር ይመጣል፣ የመመለሻው ጊዜ ያልፋል፣ ከዚያ በኋላ ሞቀም ጮኸም የእናንተ ነው። እኔ ማሽን ሲመጣልኝ በመጀመሪያው ቀን የሥራ ፕሮግራሞቹን እጭናለሁ፣ በዚያው ማታ ከባዱን ፕሮጀክት አስኬዳለሁ፣ ሌሊቱን በተዘጋ ክዳን አሳድረዋለሁ፣ በማግስቱ ቻርጀሩን ቤት ትቼ ይዤው እወጣለሁ። ካርቶኑን፣ ላስቲኩንና ደረሰኙን የመመለሻው ቀን እስኪያልፍ አልጥልም። ዋስትናውንም የማነበው በዚያው ቀን ነው፤ ሲበላሽ ባለሙያ ወደ እናንተ ይመጣል ወይስ ማሽኑ ለሳምንታት ይላካል የሚለው ሥራ ለሚቆምበት ሰው ከፕሮሰሰሩ ትውልድ ይበልጣል።