ፎርማጆ የለበሰ አበባ ጎመን በማይክሮዌቭ፦ ውሃው እንዴት ጠፋ

ችግሩ ሁልጊዜ አንድ ነበር፤ ከሥር ውሃ ይተኛል፣ ከላይ ፎርማጆው እንደ ላስቲክ ይለጠጥና ዘይቱን ይተፋል። መፍትሔው አበባ ጎመኑንና ፎርማጆውን በየተራ ማብሰል ሆነ። አበባ ጎመኑን እኩል እኩል ቆራርጬ፣ 2 የሾርባ ማንኪያ ውሃ ጨምሬ፣ ክዳኑን ገርበብ አድርጌ በሙሉ ኃይል 5 ደቂቃ ያህል አበስለዋለሁ። ከዚያ ውሃውን በደንብ አጠንፍፌ፣ እንፋሎቱ እስኪወጣለት ሳልከድነው አቆየዋለሁ፤ ይህችን ትዕግሥት የዘለለ ሾርባ ይበላል። የተፈቀፈቀውን ፎርማጆ በ1 የሻይ ማንኪያ የበቆሎ ስታርች ለውሼ እበትንበታለሁ፤ ስታርቹ ቅባቱ እንዳይለይ ይይዘዋል። በግማሽ ኃይል፣ በየ30 ሰከንዱ እያየሁ አቀልጠዋለሁ። ጠርዙ መንተክተክ ሲጀምር አወጣዋለሁ፤ መሃሉ በራሱ ሙቀት ይጨርሳል። ቡናማ ቅርፊት የሚወድ ግን ከማይክሮዌቭ አይጠብቅ፤ ያ የመጋገሪያ ምድጃ (ኦቭን) ሥራ ነው።